ለአንድ ጥፋት ሦስት ጉልበት

«ልጅ ሲስቅ የሁሉም ነው፤ ሲያጠፋ የአንድ ጉልበት ነው» ይሉ ነበር የአባ ማሾ አባት። እህል ሲወቁ ይሉታል፣ አጥር ሲያጥሩ ይሉታል፣ ታመው ተኝተውም ይሉታል። አባ ማሾ በልጅነታቸው ይህን አባባል ከመስማት ብዛት ጠልተውት ነበር። ኋላ ግን አድገው፣ ሸብተው፣ በአባታቸው ቦታ ተቀምጠው ሰው መዳኘት ሲጀምሩ እውነት ሆኖ አገኙት። ሰው ልጁ ሲስቅ «የኔ ነው» ይላል፤ ሲያጠፋ ወደ ጎረቤት ያያል።

እንግዲህ በአንድ ወቅት፣ ጉም ከጣራ በታች በሚያድርበት በደጋው አገር፣ ዳልባ በምትባል መንደር ይህ አባባል የተገለበጠበት ቀን መጣ። የሆነውን እንደሰማሁት ላውጋችሁ፤ ፍርዱን ግን ከእኔ አትጠብቁ።

የዳልባ ሰዎች ፈጣሪን የሚለምኑት በአባቶቻቸው መንገድ ነው። ከመንደሩ በላይ የአባቶች ዱር አለ። ዝግባው፣ ኮሶው፣ ቀርቀሃው፣ ሁሉም የቆመው ለፈጣሪ ነው፤ የሞቱ አባቶችም ከዚያ ሆነው ልጆቻቸውን ያያሉ ይባላል። ከዚያ ዱር ቅጠል አይቀጠፍም። የወደቀ ጭራሮ እንኳ አይነሣም። ያነሣ ሰው ጎሜ ሠርቷል። ጎሜ ማለት ሰው ሕግ ሲጥስ በሰው፣ በከብትና በእህል ላይ የሚመጣው ጣጣ ነው። ጥፋተኛው በሸንጎው ሜዳ፣ በዱቡሻ፣ ተንበርክኮ እርጥብ ሣር ጨብጦ «እኔ ነኝ» እስኪል ድረስ በመንደሩ አንድም ሰው ዘር አይዘራም።

ያጠፋው ልጅ ከሆነ ግን ልጁ አይንበረከክም። «ልጅ ምን ያውቃል? የሠራው የተማረውን ነው» ይባላል። የሚንበረከከው ያሳደገው ሰው ነው። ሣሩን ከጨበጠ በኋላ ልጁ የእሱ ነው፤ ከእሱ ቤት ይበላል፣ ከእሱ ደጅ ይዳራል፣ ሲሞትም እሱን ይቀብራል። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሰው «የኔም ነበር» ብሎ አፉን አይከፍትም።

አባ ማሾ በዘመናቸው ያዩት ከዚህ ጉልበት የሚሸሽ ሰው ብቻ ነው። ባል «እናቱን ጠይቋት» ይላል። ሚስት «ያባቱ ዘር ነው፤ የኔ ወገን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም» ትላለች። አንዱማ «እኔ ያን ጊዜ ገበያ ነበርኩ» ብሎ ጀምሮ፣ ሲጠየቅ ሲጠየቅ፣ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ገበያ ነበርኩ ወደ ማለት ደርሶ ነበር። አባ ማሾ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ጉልበታቸውን እያሹ «ፈጣሪዬ፣ ልጅ የምትሰጥ አንተ፣ ወላጅ የምትሰጠውስ መቼ ነው?» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ። ስሟ ዎንቴ ነው፤ የወተት ጥርሷ ገና ተነቃቅሎ አላለቀም። እናቷ እሷን ወልዳ ሞተች። አባቷም ሸማ ሊሠራ ሩቅ ከተማ ወርዶ በዚያው በሽታ ወሰደው። በዳልባ እንዲህ ያለች ልጅ ሜዳ ላይ አትወድቅም፤ የራባት ዕለት የቀረባት ደጅ ገብታ ትበላለች፣ ያጠፋች ዕለትም ያያት ሁሉ ይቆነጥጣታል። ሦስት ሰዎች ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ አሳደጓት።

አንደኛው የአባቷ ታላቅ ወንድም ሶርሳ ነው። በደም የእሱ ናት። በጣራው ሥር አስተኛት፣ ከጎተራው አበላት፣ የአያት ቅድመ አያቶቿን ስም እያስቆጠረ አሳደጋት። ሶርሳ ቁጡ ሰው ነው፤ ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ ቁጣው ይጠፋል። ለእንግዳው የእግር ውኃ የምታቀርበው ዎንቴ ነበረች። «እንግዳ በደጄ ከቀዘቀዘ የሞትኩት እኔ ነኝ» እያለ አስተማራት።

ሁለተኛዋ ጎረቤቷ አልታዬ ናት። በጡት የእሷ ናት። የዎንቴ እናት በሞተችበት ዕለት፣ ማንም ሳይለምናት፣ የራሷን ልጅ በአንድ ጡቷ ሙት ልጇን በሌላው ይዛ ተቀመጠች። አልታዬ እጇ ፈጣን ነው፤ ሕፃን ሲወድቅ ከጩኸቱ ቀድማ ታነሣዋለች። ምላሷም ከእጇ ብዙ አይርቅም። «መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ አፍ» እያለች አስተማረቻት፤ ራሷ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምታዘው።

ሦስተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ ቡርጤ ናት። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ከገበሬ ጋር ለአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ዱቡሻውን ከከበበው የድንጋይ ረድፍ ውስጥም አይገባም። ሰው ከቡርጤ ድስት ይበላል፣ የቡርጤን እጅ ግን አይጨብጥም። ይህ ልክ መሆን አለመሆኑን ፈጣሪ ያውቃል። ዎንቴ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ከዚያች ሴት ጭቃ ተነቅላ አታውቅም። ሶርሳ በጆሮዋ ጎትቶ ያመጣታል፤ ዞር ሲል ተመልሳ እዚያው ናት። አንድ ክረምት ክፉ ሳል ይዟት ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ፣ ቡርጤ ሸክላ ከምትተኩስበት እሳት አጠገብ አቅፋ ከርማ አዳነቻት። ፍም በገል ይዞ መሄድን፣ እንጨትን በጣት አንኳኩቶ ደረቁን ከእርጥቡ መለየትን አስተማረቻት። «እሳት የሚታዘዘው ለሚያውቀው ነው» ትላት ነበር።

የገብስ መዝሪያ ሰሞን ደረሰ። አንድ ቀን ጉሙ ወርዶ ሰው የገዛ እጁን ማየት ተስኖት ሳለ የአልታዬ ምድጃ ጠፋ። ዎንቴ ከቡርጤ ግቢ ፍም በገል ይዛ ወደ አልታዬ ቤት ትሄዳለች። በዱሩ ሥር ባለው መንገድ ላይ እግሯ ለስላሳ ነገር መታ። ጎንበስ ብትል ሰው ነው። ከቆላ የመጣ መንገደኛ፣ ስስ ነጠላ የለበሰ፣ ዝናብ የመታው፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ምላሱ የታሰረ።

ትታው ማለፍ አልቻለችም፤ የሶርሳ ቃል ያዛት። ሰው ልጥራ ብላም አልሮጠችም፤ የአልታዬ ቃል ገፋት። በመንገዱ ዳር ያለው እንጨት ሁሉ ርሶ ነበር፤ ደረቁን ግን ቡርጤ ያስተማረችው ጣት አገኘው። ያገኘው ከዱሩ ውስጥ ነው፤ ከትልቁ ዝግባ ሥር፣ ዝናብ ደርሶበት የማያውቅ፣ ሰውም ነክቶት የማያውቅ ጭራሮ።

ጉሙ ጢሱን ደበቀው፤ ሽታውን ግን አልደበቀውም። የዝግባ ጢስ ሽታ ወደ መንደሩ ሲወርድ ሽማግሌው ሁሉ አፍንጫውን ቀና አደረገ። ከዚያ ዱር ጢስ ወጥቶ አያውቅም። ወንዱ ዱላ ዱላውን እየያዘ «የትኛው ርጉም ነው!» እያለ ወጣ። ሲደርሱ ያገኙት አንዲት ልጅ ጉንጯን ነፍታ እሳት እፍ ስትል፣ አጠገቧም ጣቱን ማንቀሳቀስ የጀመረ ሰው ነው። ሊመቱበት ያመጡትን ዱላ ቃሬዛ አድርገው እንግዳውን ተሸከሙት፤ ለአንዲት ደግ ባልቴትም ሰጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዱሩ ግን ተነክቷል። ነፍስ ማዳን ነፍስ ማዳን ነው፤ ጎሜም ጎሜ ነው። ዘሩ በየጎተራው ቆመ።

ዱቡሻ ተጠራ። አባ ማሾ እርጥብ ሣር ጨብጠው ወጡ። እንደ ወትሮው ብዙ ዝምታ፣ ብዙ ሳልና ብዙ የመሬት ማየት ይሆናል ብለው በርጩማቸውን አስመጥተው ተደላድለው ነበር።

«የዚችን ልጅ ጥፋት የሚሸከም ማን ነው?» አሉ።

«እኔ!» አሉ ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ።

አባ ማሾ ጆሯቸው የከዳቸው መሰላቸው። «ማ? ምን አላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሶርሳ ከፊት።

«እኔ ነኝ እንጂ» አለች አልታዬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አለች ቡርጤ ከድንጋዩ ረድፍ ውጪ ቆማ።

«እናንተ ሰዎች» አሉ አባ ማሾ፣ «ዛሬ ምን ጠጥታችሁ መጣችሁ? ሰው ከጥፋት ይሸሻል እንጂ ጥፋት ይሻማል?»

ሶርሳ ወደ ፊት ወጣ። «አባ ማሾ፣ ደሟ የኔ ነው። እንግዳ እንዳታልፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባላስተምራት አልፋው ትሄድ ነበር፣ ዱሩም አይነካም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሣሩን ያምጡት።»

«አልፋው?» አለች አልታዬ። «በጡቴ ያደገች ልጅ የወደቀ ሰው አልፋ? አንተ እንግዳ የምትቀበለው ተቀምጠህ ነው፤ ውኃውን የሚያሞቀው ሌላ፣ የሚያቀርበው ሌላ! አባ ማሾ፣ ‘መጀመሪያ እጅ’ ያልኳት እኔ ነኝ። ቆም ብላ ሰው ብትጠራ ኖሮ ትልልቆቹ መጥተው ከቤት ባመጡት እንጨት ያነዱ ነበር። ያጣደፍኳት እኔ ነኝ።»

«አጣዳፊነትሽን ዛሬ ካመንሽ ጥሩ ነው» አለ ሶርሳ። «ባልሽ ስንት ዘመን ሲነግርሽ!»

ሰው ሳቀ። የአልታዬ ባል አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያያል።

ቡርጤ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ ተናገረች። «ጌቶቼ፣ ልቡም ይኑር፣ እጁም ይፍጠን፤ እርጥብ እንጨት በልብ አይነድም። ፍሙ የማን ነው? ገሉ የማን ነው? ደረቁን ከእርጥቡ የለየ ጣት ከማን ተማረ? እኔ እሳት ባላስተምራት አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር እንጂ ዱሩን አትነካም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን አገባሽ?» አለ ሶርሳ። «ሂጂ ጭቃሽን አቡኪ!»

«እሄዳለሁ። የዛሬ ጠዋቱን ጎመን በማን ድስት ነው የበላኸው?»

አሁን የአልታዬ ባልም ሳቀ።

አባ ማሾ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሣሩ በእጃቸው ውስጥ ጠውልጎ ነበር፤ የጠወለገ ሣር ደግሞ ለዚህ ነገር አይሆንም። ሌላ አስጨዱ።

«ሦስቱም ይንበርከኩና እንሂድ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ርቦናል! ደመናውም መጥቷል!»

«ዝም በል!» አሉ አባ ማሾ። «ጎሜን ተከፋፍለው አይናዘዙትም። ሁሉም ለሌላው ትንሽ ትንሽ ይተውለታል፤ የተተወው ተጠራቅሞ የሚይዘው ልጅቷን ነው። ደግሞስ ሦስት ደጅ ያላት ሙሽራ በየትኛው ትወጣለች? ሦስቱ ቤት በአንድ ቀን ሐዘን ቢገባው የትኛው ጋ ታለቅሳለች? አስበህ ተናገር!»

ራሳቸው ግን ማሰብ ደክሟቸው ነበር። ሣሩን ለሶርሳ ቢሰጡት ልጅቷ ስም ታገኛለች፣ መሬት ታገኛለች፣ በአባቷ ወገን ትቆማለች፤ ሶርሳ ግን ገና ካሁኑ «ከዚያ ወዲያ ያንን ጭቃ አትረግጥም» ብሏል፤ ያለውንም ያደርጋል። ለአልታዬ ቢሰጡት ጡት ካጠባቻት እናትና አብሯት ከጠባው ወንድም አትለይም፤ ነገር ግን የአልታዬ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ልጅ ነው፣ ባሏም የሚያየው መሬቱን ነው። ለቡርጤ ቢሰጡት ደግሞ ልጅቷ ከድንጋዩ ረድፍ ውጪ ትሆናለች፤ የገበሬ ልጅ አያገባትም፣ እጇን የሚጨብጥ አይኖርም። ያም ሆኖ ልጅቷ ከልቧ ስትስቅ የሚሰማው ከዚያ ከጭቃው ግቢ ነው፤ ይህን አባ ማሾ በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል፣ አልሰማሁም ቢሉ ይዋሻሉ። በዱቡሻ ደግሞ አይዋሽም።

ንድድ ብሏቸው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ልጅ በዱቡሻ አይጠየቅም፤ እሳቸው ግን ጠየቁ።

«አንቺስ? አንቺ የማን ነሽ?»

ዎንቴ የሶርሳን ቡልኮ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከቡልኮው የወጡት ጣቶቿ በጥፍራቸው ሥር ጭቃ አለ። ጥያቄውን ትታ «ሰውየው ዳነ?» አለች።

«ድኗል።»

«ታዲያ ለምን ትጣላላችሁ?»

«እኔስ ምን እያልኩ ነው!» ብለው ጮኹ አባ ማሾ።

«እኔ ልንበርከክ» አለች። «እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። የኔ ጉልበት ደግሞ አያመኝም።»

ሶርሳ ፊቱን አዞረ። አልታዬ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ቡርጤ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ አባ ማሾ በቀስታ። «አንቺ ተነሽ አልተባልሽም።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ዱሩ ዞሩና ጸለዩ። የአባ ማሾ ጸሎት እንደ ሌላው ሰው ጸሎት የተሰደረ አልነበረም፤ ከጎረቤት ጋር እንደሚነጋገር ሰው ነበር የሚጸልዩት። «ፈጣሪዬ» አሉ፣ «በየዓመቱ ልጅ ያጠፋል፣ እኔም አንድ ወላጅ ስጠኝ እያልኩ እጮኽብሃለሁ። ስትዘገይ ስትዘገይ ዛሬ ሰማኸኝ፤ ሰምተህም ሦስት ላክህልኝ። ምነው ከፋፍለህ ብታመጣቸው? ምነው ገበያ ነበርኩ ለሚለው ለዚያ ሰው ልጅ ከእነዚህ አንዱን ብትሰጥልኝ? አባቴ ሆይ፣ አንተም እዚያ ካለህ ስማኝ፤ የአንድ ጉልበት ነው አልከኝ፣ ሦስት ጉልበት ቢመጣስ? እሱን ሳትነግረኝ ሄድክ።»

ነጎድጓዱ ብቻ ከሩቅ አጉረመረመ። ሰዉ ወደ ሰማይ እያየ ማጉረምረም ጀመረ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሣርም መጠውለግ ጀመረ። አባ ማሾ ሊሰጡ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ወደ ማን እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም።

በዚህ መሐል ከታች በኩል አንድ ሰው በምርኩዝ እያዘገመ መጣ። የድንጋዩን ረድፍ ሥርዓት አያውቅምና ከውጪ፣ ከቡርጤ ጎን ቆመ፤ ምርኩዙ ሲንሸራተትበትም ትከሻዋን ያዘ። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እሱ ምንም አላወቀ። አባ ማሾ ይህን ሰው ቆሞ ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነው።

«አንተ ነህ እንግዲህ ጣጣው?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ይኸው አራተኛ ‘እኔ ነኝ’ ባይ መጣ!» አለ ያ የራበው ሰውዬ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

«እንግዳ በዱቡሻችን አይናገርም» አሉ አባ ማሾ። «ግን ዛሬ ሕጌም እኔም ደክመናል። የምትለው ካለህ በል፣ ፈጠን በል።»

እንግዳው ዎንቴን አያት። ሶርሳን አየው፣ አልታዬን አያት፣ የያዘው ትከሻ የማን እንደሆነም ዞሮ አየ። ከዚያ ምርኩዙን መሬት ላይ አስተኝቶ ለአባ ማሾ እንዲህ አላቸው፤

«አባቴ፣ የእናንተን ሕግ አላውቅም። በእኛ አገር ግን ከሞት የተረፈ ሰው፣ ያተረፈችውን ልጅ ካሳደገው ሰው ፊት ተንበርክኮ እጁን ሳይስም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ቢመለስም ሚስቱ በር አትከፍትለትም። እናንተ ለዚያ እሳት የሚንበረከክ ትፈልጋላችሁ፤ እኔ ለዚያው እሳት የምንበረከክለት እፈልጋለሁ። ደመናው መጥቷል፣ መንገዴም ሩቅ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ የማንን እጅ ልሳም?»